ኪያሩና ሐረጉ

ይድረስ ሙምባይ ላለኸው ልጄ ለኒራንጃን። ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ሺቫ ይመስገን ደህና ነን። የጎዳቫሪ ወንዝ ሞልቶ የቤተ መቅደሱን ደረጃ ውጦታል፤ እህትህ ማዱራም እንደ ልማዷ ከአማቷ ጋር ትነታረካለች።

አባትህ ግን ጠባዩ ተለውጧል። ያ "ማንትራ የሥራ ፈት ሥራ ነው" ሲል የኖረ ሰው፣ ካህን ጠርቶ ሞትን ድል የሚያደርገውን የማንትራ ጸሎት ለአሥራ አንድ ቀን እያስደገመ ነው። "ማን ታሞ ነው?" ብለው፣ "ለዝናብ ነው፤ አንቺ ደግሞ ነገር አታብዢ!" አለኝ። ወንዙ ደጃችን ደርሶ ሳለ የምን ዝናብ?

ቃሉን ታውቀዋለህ፦ ኪያር ከሐረጉ እንደሚላቀቅ ከሞት አላቀን ይላል። አያቴ ስትፈታልኝ፣ "ሞት አይምጣ ማለት እንዳይመስልሽ፤ ሳንበስል አትቅጠፈን ማለት ነው" ትለኝ ነበር። የበሰለው በራሱ ጊዜ ይላቀቃል። ለጋው ሲቀጠፍ የሚደማው ሐረጉ ነው።

ካህኑ ከመጀመሩ በፊት የሚጸለይለትን ሰው ስም ይጠይቃል። አባትህ በሹክሹክታ ነገረው። ካህኑ ግን ጆሮው ከብዷል፤ "እ? ጮክ በልልኝ እንጂ!" አለው። እኔ ወጥ ቤት ሩዝ እየለቀምኩ ነበር። "ኒራንጃን!" ሲል አባትህን ሰማሁት።

ያለፈው ደብዳቤህ ጽሕፈትም ያንተ አልመሰለኝም። የዚህን መልስ በራስህ እጅ ጻፈው፤ ለአባትህ ሳይሆን ለእኔ ላከው። ከላይ "ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ" ያልኩህ ለወግ አይደለም።

ሐረግህ፣ እናትህ ቫሱንዳራ
ከናሲክ