ቁጥር ሠላሳ አንድ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ሦስት መስታወት ሰቀልኩ። የጫማ ሱቁ ባለቤት፣ «ሜትር አታወጣም እንዴ?» አለኝ። «ዓይኔ ሜትር ነው» አልኩት። ውሸት። ግን ሃያ ስድስት ዓመት ስለቆየ እንደ ቅርስ ይታያል።

ከሰዓት የወንድሜ ልጅ መጣች። ዶክተሪት እላታለሁ፤ ዶክተር ለመሆን ገና ጥናቷን መጨረስ ይቀራታል። ለጥናቷ ጤነኛ የሆኑ ወንድምና እህቶች በጥንድ በጥንድ ትፈልጋለች። አንድ ጥንድ ጎድሏታል... እኔና አባቷ።

«ጤነኛ ካልሽ አባትሽን ተዪው።»

«አጎቴ፣ ቀልዱን ተው። ቤተሰብ አይገባም ነበር። በቁጥር ስለምትጠሩና የምፈትናችሁ እኔ ስላልሆንኩ ነው መምህሬ የፈቀዱት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ሰው የመስመርን መሃል በዓይኑ ሲገምት ብዙውን ጊዜ ትንሽ ወደ ግራ ይስታል። አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት። ልዩነቱ በዘር ይወረሳል ወይ? ይሄን ልታውቅ ነው ሰውን ሁሉ ምራቅ የምታስተፋው።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ሄድን። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በካርቶን የተሸፈነ መስኮት። ፈታኟ ረጅም ሴት፤ ፈገግታ አልፈጠረባትም። ምራቃችንን በብልቃጥ ተቀበለች። ወንድሜ ሠላሳ ሁለት፣ እኔ ሠላሳ አንድ።

«አርባ መስመር አለ። መሃሉን በዓይን ብቻ ምልክት ያድርጉ። መለካት የለም።»

መለካት የለም... ለእኔ!

እሷ አቀርቅራ ብልቃጦቹ ላይ ስትጽፍ እርሳሴን መስመሩ ላይ አጋደምኩ። ግማሽ የመሰለኝን ከግራ ጫፍ በጥፍሬ ያዝኩ፣ ያንኑ ከቀኝ ጫፍ ያዝኩ፣ ልዩነቱን ለሁለት አካፈልኩ። ቀና ስትል ወረቀት የማቃና መሰልኩ። አርባውንም። ዘዴውን ያስተማረኝ የለም፤ ራሴ ነኝ የፈጠርኩት።

ወንድሜ በላብ ተጠምቆ ወጣ። «ወደቅሁ መሰለኝ» አለ። የወደቅከው የምራቁን ፈተና ከሆነ ለዶክተር ልንገርልህ አልኩት።

ኅዳር 7፣ እሁድ

ምሳ ወንድሜ ቤት። ዶክተሪት መብላቱን ረስታ ታወራለች።

«ቁጥር ሠላሳ አንድ የሚባል ሰው አለ። ምራቁ ላይ ባየነው ዘር፣ በጣም ወደ ግራ ይስታል ብለን የምንጠብቀው ዓይነት ነው። እሱ ግን አርባውንም መሃል! ልክ መሃል!»

«ጎበዝ ሰው ነው» አልኩ። ጎረስኩ።

«እንዴ፣ ሠላሳ አንድ እኮ...» ሲል ወንድሜን በጠረጴዛው ስር ረገጥኩት። ሳል አስመሰለው።

መቼ ልንገራት? ልደቷ ቀን ጥሩ ነው።

ኅዳር 11

ቀልዱ ከእጄ አመለጠ። መምህሯ ስለ ሠላሳ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፊ ብለዋታል። በሚቀጥለው ሳምንት ምሁራን ፊት ታቀርባለች። «ዕድሌ ተከፈተ አጎቴ» አለችኝ በስልክ። ድምጿ የልጅነቷ ድምጽ።

ብናገር ትዋረዳለች። ዝም ብል... አንድ ቀን የተደረሰበት ለት ውሸታም የምትባለው እሷ ናት።

ኅዳር 12

አልነገርኳትም።

ኅዳር 13

ነገርኳት። ሱቄ ጠርቼ እርሳሱን አጋድሜ አሳየኋት። መጀመሪያ ሳቀች።

«ስንቱ መስመር ላይ?»

«አርባውም ላይ።»

ሳቁ ቆመ። ወረቀት አምጥታ አሰመረች። «ግራ እጅህን ኪስህ ክተት። በዓይንህ ብቻ።» ምልክት አደረግኩ። በራሴ ሜትር ለካችው። ስድስት ሚሊ ሜትር፣ ወደ ግራ። አሥር ጊዜ ሞከርን። አሥሩም ወደ ግራ።

«ታውቅ ነበር?»

አውቅ ነበር። ሥራ ስጀምር የሰቀልኩት ሁሉ ወደ ግራ እየሄደ ደንበኛ አሸሸብኝ። ዘዴውን የፈጠርኩት ለዚያ ነው። አባቴም፣ የእሷ አያት፣ ግድግዳ ላይ የመታው ምስማር ሁሉ ግራ ነበር። እናታችን ትስቅበት ነበር። ይሄን ሁሉ ነገርኳት።

«እኔ የምፈልገው እኮ ይሄንኑ ነበር አጎቴ። እውነቱን ብቻ ብትሰጠኝ ይበቃኝ ነበር።»

ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ኅዳር 17

ብቻዋን ገብታ ለመምህሯ ተናገረች። አብሬሽ ልሂድ ብላት እምቢ አለች። ምዕራፉ ቀረ። የምንቆጠረው በጥንድ ስለሆነ ወንድሜም ከእኔ ጋር ወጣ። ላቡ በከንቱ። ሌላ ጥንድ እስኪገኝ ደግሞ ምረቃዋ ሊራዘም ነው።

ወንድሜ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሰደበኝ። ሁለቱን ስድብ ከዚህ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ኅዳር 21፣ እሁድ

አልመጣችም። ወንድሜ ውኃ አቀብለኝ አለ። አቀበልኩት።

ኅዳር 28፣ እሁድ

አልመጣችም።

ኅዳር 30

ጥንድ አገኘሁ። ፀጉር አስተካካዩና እህቱ ልብስ ሰፊዋ። ሱቃቸው ፊት ለፊት ነው፤ በአንድ ስፌት መኪና ተጣልተው አራት ዓመት አልተነጋገሩም።

«ከእሷ ጋር አንድ ክፍል አልገባም» አለ።

«ተራ በተራ ነው የምትገቡት።»

መንገዱን ተሻገርኩ። «ምራቅ ነው የሚፈልጉት?» አለች እህቱ። «እሱ ላይ ከሆነ በነፃ!»

«ብልቃጥ ውስጥ ነው።»

«ቅር ይላል» አለች። ግን እሺ አለች። ወደ ዶክተሪት ስልክ ላክሁ። የሁለቱን ስምና ስልክ ቁጥር ብቻ። ሌላ ምንም አልጻፍኩም።

ታኅሣሥ 8

ፈተናቸው ዛሬ ነበር። አድርሼያቸው ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ ወጣ። «መሃሉን አገኘሁት ይሆን?»

«እንጃ።»

«አንተ? እንጃ?» ግንባሬን በእጁ ዳበሰኝ። ትኩሳት የለኝም።

እህቱ ገባች። ዶክተሪት ከኮሪደሩ ጫፍ ብቅ አለች። ሰላምታ የለም።

«ምን ነገርካቸው?»

«ምንም።»

«እንዴት እንደሚለካስ?»

«እርሳስም አልያዝኩም።» ኪሶቼን ገልብጬ አሳየኋት። አንድ ቁልፍ፣ አንድ መሀረብ።

ቆማ አየችኝ። ሰውን እንዲህ ስታይ መምህሯን ትመስላለች ማለት ነው... መምህሯን አይቼ አላውቅም።

«እዚህ ከተቀመጥክ ስንት ሰዓት ሆነህ?»

«አንድ ሰዓት ከሩብ።»

«ማንንም ሳትተርብ? ይሄ ሁሉ ሰው ሲያልፍ?»

«አንድ ባለ ትልቅ ኮፍያ አለፈ። ተውኩት።»

«እሱንማ ማን ያምነኛል?» አለች። «ይሄ ነው ምዕራፍ የሚወጣው።» ገፋ አድርጋኝ አጠገቤ ተቀመጠች። ኮፍያው ምን ያህል እንደነበር ጠየቀችኝ። በእጄ አሳየኋት።

ፈታኟ በሩን ከፍታ፣ «እዚህ ሰው እየተፈተነ ነው!» ብላ ሁለታችንንም ተቆጣችን።