«ነካ ስላደረጋት» በረኛችንና ስለ አንድ ክፍለ ጊዜ

ይድረስ ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣
ካሉበት ቢሮ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ እያቀረብኩ የክቡርነትዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ ደብዳቤዎቼን ተቀብላ መዝገብ ላይ የምታሰፍረውን ጸሐፊዎን ጤና፣ በተለይ ደግሞ የራስዎን ጤና እጠይቃለሁ። ራስዎ ስል እርስዎን ማለቴም ነው፣ ከአንገትዎ በላይ ያለውን ማለቴም ነው። የኋለኛውን ለይቼ የጠየቅሁበት ምክንያት ለእርስዎ አይጠፋዎትም፤ ለሌሎች አንባቢዎች ወደ ታች ስወርድ እመለስበታለሁ።

እኔ በጽሕፈት ቤትዎ ሥር ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንደኛው ሃያ ሁለት ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩ መምህርት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው አምስቱ መልስ ስላላገኙ አይደለም። መልስ አግኝተዋል፤ ችግሬ መልሶቹ ናቸው። ለመቆጣት የሚሆን ጉልበት ስላልተረፈኝ ምስጋናዬን ቀስ ብዬ፣ በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ስለ ጭብጨባው አመሰግናለሁ። የወደቀ ተጫዋች ወኔው እንዳይቀዘቅዝ ተመልካቹ «ጀግና! ተነሳ!» እያለ እንዲያጨበጭብ የሚያዘው የስፖርት መመሪያዎ በእኛ ዘንድ ቃል በቃል ሥራ ላይ ውሏል። የዛሬ አሥራ አንድ ሳምንት፣ በክፍሎች ውድድር ላይ፣ ኳስ አላሳልፍ ስላለች ልጆቹ «ግድግዳ» የሚሏት የሰባተኛ ክፍል በረኛችን ወደ ጥግ የሄደ ኳስ አድናለሁ ብላ ስትወረወር የጎሉን ብረት በጭንቅላቷ መታችው። ድምፁ መምህራን ክፍል ድረስ ተሰምቷል። እኛም በመመሪያው መሠረት አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ እንዲያውም ከሁሉ አብልጬ የጮህኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ልጅቷ ተነሳች፤ የስፖርት መምህራችን አንድ ጠርሙስ ውኃ አናቷ ላይ አፈሰሰላትና ጨዋታው ቀጠለ። ሲያልቅ ወደ እኔ መጥታ ጨዋታው መቼ እንደሚጀመር ጠየቀችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ደግማ ጠየቀችኝ፤ ደግሜ ሳቅሁ። ስለ ሰው አካል ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩት ሴትዮ እኔ ነኝ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በአራተኛው ቀን ልምምድ ላይ ከቁም ነገር የማይቆጠር ቀላል ኳስ ግንባሯን መታትና ወደቀች፤ በዚህኛው ጊዜ ጭብጨባውም አላስነሳትም። ሐኪሙ አንጎሏ በመጀመሪያው ቀን ተናውጦ እንደነበር፣ ያኔውኑ ከሜዳ ወጥታ ብታርፍ ኖሮ ቶሎ ይሻላት እንደነበር፣ ሁለተኛው ምት ግን ሳይድን የተደገመ በመሆኑ ረጅም ጊዜ እንደሚፈልግ ለአባቷ አስረዱ። ለሳምንታት መጋረጃ ተዘግቶ ተኛች። ብርሃን ያማት ነበር፤ የታናሽ ወንድሟ ሳቅ ሳይቀር ያማት ነበር።

፪. ስለ ቋንቋ ጠንቃቃነትዎም ሳላመሰግን አላልፍም። የንብረት ክፍል ሠራተኛችን የመጀመሪያ እርዳታ ተጠሪም ናቸው፤ ነገር ማጋነን የማይወዱ፣ ጭምት ሰው ናቸው። የአደጋ ማሳወቂያ ቅጹ ለዝርዝር የተወው ቦታ ከሁለት ጣት ስለማይበልጥ «ኳስ ጭንቅላቷን ነካ አድርጓታል» ብለው ሞሉት። ይህችው ወረቀት ከእኛ ቢሮ ወደ እርስዎ ቢሮ ስትጓዝ ኳሱን መንገድ ላይ ጥላ ደረሰች። ሰዎች አንድን ሰው ሲያሙ ጣታቸውን ከጆሮ ግንዳቸው አጠገብ እያዞሩ የሚሉትን ያውቁታል። የመጣልን መልስም የሚከተለው ነበር፦ «ነካ የሚያደርጋት ተማሪ ከሌሎች ጋር መማሯ አግባብ ስለመሆኑ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው እንዲያጣራ፤ ሙሉ ጤነኛ መሆኗን የሚገልጽ ማስረጃ እስክታቀርብም ከክፍል ውጭ እንድትቆይ።»

አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። በኮሚቴው ጥሪ መሠረት የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ልጄ ኳስ ከመያዝ በቀር ምን አደረገች?» ቃለ ጉባኤው «ወላጅ በቁጣ ተናገሩ» ይላል። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ፤ ድምፃቸው ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ጸሐፊው እንዲደግሙለት ጠይቋቸው ነበር። አንጀቴን በሉት።

ደብዳቤዎ እንደ ደንቡ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለተለጠፈ ገና ዕረፍት ሰዓት ሳይደርስ «ግድግዳ» የሚለው ስም ሞቶ ተቀበረ። ዛሬ ልጆቹ «ነካ» ነው የሚሏት። ሐኪሙ ድና መማር እንደምትችል በማኅተም አረጋግጠው ጻፉ፤ ቢሮዎ ግን የሐኪሙ ወረቀት ስለ ጭንቅላት እንጂ ስለ አእምሮ ስላልሆነ ተቀባይነት የለውም አለ። የዓመቱ ፈተና አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ልጅቷ ደብተሮቿን ለብሳ በምትቀመጥበት ጊዜ ቤቷ ሄጄ አይቻታለሁ፤ ለብሳ ማለቴ በጭኗ፣ በደረቷ፣ በዙሪያዋ ደርድራ ነው። ያመለጣትን ሁሉ ጨርሳለች። የቀራት በር የሚከፍትላት ሰው ነው።

፫. ስለ እንቁላሉም እጅ እነሣለሁ። እኔ የለመንኩት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አርባ ደቂቃ ነበር። በዚያ ውስጥ ተማሪዎቼ ሦስት ነገር እንዲሠሩ አስቤ ነበር። አንደኛው፣ እንቁላል በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ሰብሮ ክዳኑን ገጥሞ መነቅነቅ ነው፤ ብርጭቆው ምንም ሳይሆን አስኳሉ ሲፈርስ ያየ ልጅ «ደም የለም፣ ስለዚህ ምንም አልሆንኩም» አይልም። ሁለተኛው፣ ጓደኞቻቸው ዴስክ እየደበደቡ አንድ ገጽ ማንበብ ነው፤ የተናወጠ አንጎል ትምህርት ሲከታተል የሚሰማው ምን እንደሚመስል ይቀምሱታል። ሦስተኛው ጨዋታ ነው፦ አንዷ ትወድቃለች፣ አንዷ ጓደኛዋ ትሆናለች፣ ጓደኛዋም ቀኑንና ያለችበትን ቦታ ትጠይቃትና ለመምህር ትናገራለች፤ መናገር ማሳበቅ እንዳልሆነ ይለማመዳሉ።

ጽሕፈት ቤትዎ እንቁላሉ ጥሬ ነው ወይስ የተቀቀለ ብሎ ጠየቀኝ። ጥሬ ነው አልኩ። ጉዳዩ ምግብ ስለሆነ ወደ ምገባ ክፍል ተመራ። የምገባ ክፍሉ ለሃምሳ ተማሪ አንድ እንቁላል እንደማይበቃ ገለጸ። አይበላም ብዬ ጻፍኩ። እንግዲያው ምግብ ማባከን ነው ተባልኩ። በዚህ ጊዜ አንድ ወር አልፏል፤ እውነቱን ለመናገር ደክሞኝም ስለነበር እንቁላሉን ከቤቴ አምጥቼ በዕረፍት ሰዓት፣ ቤተ ሙከራ በምንለው መጋዘን ውስጥ፣ ያለ ፈቃድ አስተማርኩ። ጥፋቴን በዚሁ አምናለሁ።

በሦስተኛው ጨዋታ ላይ የጓደኛዋን ቦታ የያዘችው የቡድኑ ተከላካይ ነበረች። መናገር ሲገባት አለቀሰች። ለካ በረኛችን በመጀመሪያው ቀን ከሽንት ቤቱ ጀርባ ስታስመልስ አይታት ኖሯል፤ «ጀግና እያሉኝ እንዳታሳፍሪኝ» ብላ ስላስማለቻት ለአራት ቀን አፏን ዘግታ ቆየች። አሥራ ሦስት ዓመት ላልሞላት ልጅ ይህ ከባድ ሸክም ነው። ሸክሙን ያሸከምናት እያጨበጨብን የነበርነው እኛ ነን፤ እኔ ራሴ አለሁበት።

፬. በመጨረሻ ስለ ፖስተሩ። በአርባ ደቂቃው ፋንታ «ቅድሚያ ለጭንቅላታችን!» የሚል ትልቅ ፖስተር በመስታወት ተገጥሞ ተላከልን፤ ክቡርነትዎም ባለፈው ማክሰኞ ሊመርቁት መጡ። ለፎቶግራፍ አንሺው እንዲመቹ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ሁለተኛ እርምጃ ሲሉ ወደ ውጭ የተከፈተው የመስኮታችን ብረት ማጅራትዎን አገኘዎትና ተቀመጡ። ሲነሡ አብረውዎት የመጡት ባለሥልጣናት ሁሉ አጨበጨቡ። ከተማሪዎቼ አንድም ያጨበጨበ አልነበረም። የሃያ ሁለት ዓመቴን ካሣ በዚያች ደቂቃ አገኘሁ ብል አልዋሸሁም።

ልጆቹ አግዳሚ ወንበር አምጥተው በትሕትና መልሰው አስቀመጡዎት። «ምንም አልሆንኩም» ሲሉ ያቺው ተከላካይ ሁሉም የሚለው እንደዚያ መሆኑን በአክብሮት ገለጸችልዎትና የተማረችውን ጠየቀችዎት። ቀኑን በትክክል መለሱ። ከመመታትዎ በፊት ምን ያደርጉ እንደነበር ሲጠየቁ «ሥራ ላይ ነበርኩ» አሉ፤ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ያሉበትን ትምህርት ቤት ስም ሲጠየቁ ግን የሌላ ትምህርት ቤት ስም ጠሩ፤ ያን ጊዜ ተከላካያችን በድንጋጤ ወደ እኔ ሮጠች። አረጋጋኋት። ሲገቡም ባደረጉት ንግግር የጠሩት ያንኑ ስም ስለነበር ከምቱ የመጣ እንዳልሆነ አስረዳኋት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምነው ብዙ አይደለም። በልጅቷ ማኅደር ውስጥ «ነካ የሚያደርጋት» የሚለው እንዲሰረዝ፣ መሰረዙም ደብዳቤው በተለጠፈበት በዚያው ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍና ልጅቷ ለፈተና እንድትቀመጥ ብቻ ነው። አርባ ደቂቃውን ትቼዋለሁ፤ እሱን በዕረፍት ሰዓት እየሰረቅሁ እቀጥላለሁ።

ለሰጡን ፖስተር፣ ላልሰጡን ክፍለ ጊዜና ስለ እንቁላሉ ላሳዩን አሳቢነት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዕድሜና ጤና፣ እንዲሁም ከፍ ያሉ መስኮቶች ያሉበት ቢሮ እመኝልዎታለሁ።

የክቡርነትዎ ትሑት አገልጋይ፣
በጊዜው ያጨበጨበችው የሳይንስ መምህርት

ግልባጭ፦
ለበረኛችን አባት፣ በመስመራቸው ላይ በሚገኙበት ፌርማታ
ለንብረት ክፍል ሠራተኛችን፣ ባሉበት መጋዘን

ድኅረ ጽሑፍ፦ በግቢያችን የሚደርስ ማንኛውም አደጋ በቅጹ ላይ መስፈር ስላለበት የንብረት ክፍል ሠራተኛችን የእርስዎንም አስፍረዋል። ቦታው ያው ሁለት ጣት ነው፤ እሳቸውም ያው ማጋነን የማይወዱ ሰው ናቸው። «ክቡር ኃላፊውን የመስኮት ብረት ጭንቅላታቸውን ነካ አድርጓቸዋል» ይላል። የሥነ ሥርዓት ኮሚቴያችን በዚህ ቃል ምን ማድረግ እንዳለበት ከቢሮዎ የመጣ ጽሑፍ በእጁ ስላለ ያንኑ መከተል ግድ ሆኖበታል። ስለሆነም በመጪው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይዘው ኮሚቴው ፊት እንዲቀርቡ፣ ሙሉ ጤነኛ መሆንዎን የሚገልጽ ማስረጃ እስኪያመጡም ከቢሮዎ ውጭ እንዲቆዩ በአክብሮት ተጠርተዋል። የሐኪም ወረቀት ካለዎት ስለ ጭንቅላት ብቻ እንዳይሆን አደራ። ወላጅ ይዘው መምጣት ካስቸገረዎት አይጨነቁ፤ የበረኛችን አባት የዚያን ቀን ፈቃድ ጠይቀዋል፣ አጠገብዎ ተቀምጠው ስለ እርስዎ ይናገሩልዎታል። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ እባክዎ ጠጋ ብለው ያዳምጧቸው።