ሦስቱ ሰማዮች የተስማሙበት ነገር

ይድረስ ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ ለወይዘሮ አትጠገብ እንግዳ፤ ደብረ ማርቆስ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ያ ብርድ ሲገባ የሚነሣብሽ የጉልበት ቁርጥማት ዘንድሮስ ማረሽ ወይ? ጋሽ ደበበን ሳሉ ለቀቀው? አባባ እንደምን ናቸው፤ ዓይናቸው አሁንም ሰው ይለያል ወይስ በድምፅ ነው የሚያውቋችሁ? አሰፋች ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? መልሱ እጄ እስኪገባ ከወር በላይ እንደሚፈጅ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሳልጠይቅ ብጀምር አፌ አይፈታልኝም። ስለ እኔ ብትጠይቂ በእግሬ እሄዳለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ፣ ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ። ደህና መሆን ማለት ይህ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ፀዳለ አድጋለች። ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትውል የአገሩን ቋንቋ ለቃቅማ አሁን የማይገባኝን ስድብ ትሰድበኛለች፤ ስድብ መሆኑን የማውቀው ሙሉካ በሳቅ ስትፈርስ ነው። ሙሉካ አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት፤ የዚሁ አገር ሰው፣ ጸሎት ቤት የምትሄድ፣ አምስት ወልዳ አንድም ያልሞተባት ሴት። አሁን ቡና ለቀማ ነው፤ ከይርጋ ጨፌና ከወናጎ በኩል የጭነት መኪናው መምጣቱን አያቋርጥም፤ ከተማው በሙሉ የቡና ገለባ ይሸታል። ወልደዮሐንስም ከጽሕፈት ቤት ሲመለስ ጫማው ቀይ ጭቃ ብቻ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ገጹን ብሞላው ደስ ባለኝ፤ ግን አንቺን ማታለል አልችልበትም።

ከፀዳለ በኋላ የወለድኳቸው ሁለት ወንዶች እንዴት እንደሄዱ ታውቂያለሽ። ሁለቱም እንደ እርድ ቢጫ ሆነው፣ ክርስትና ሳይደርሱ ነው አፈር የለበሱት። ሦስተኛውን መፀነሴን በሰኔ ስጽፍልሽ እማማ የትምወርቅ፣ የባሌ እናት፣ ወዲያው ነበር ነጠላቸውን ያጣፉት። ሾተላይ ነው፤ የመጀመሪያዋን አሳልፎ የቀሩትን ይወስዳል፤ ምክንያቱም ኮከባችሁ አይገጥምም አሉ። ከዚያ ወናጎ ወርደው ለመሪጌታ ጓንጉል የክርስትና ስማችንንና የእናቶቻችንን ስም ሰጧቸው። መሪጌታ ፊደሉን ቆጥረው፣ በአሥራ ሁለት ገድፈው፣ በተረፈው ቁጥር ወልደዮሐንስን አሰድ እኔን ዐቅራብ አደረጉን። እሱ እሳት ነው፤ እኔ ውሃ ነኝ፤ ከእሳትና ከውሃ የሚወለድ ደግሞ እንፋሎት ነው አሉ፤ አይጨበጥም ማለታቸው ነው። እማማ የትምወርቅ ይህን ይዘው ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ጥፋቱ ከልጃቸው ወገን አለመሆኑ ተረጋግጦላቸዋል።

ወልደዮሐንስ ክፉ ሰው አይደለም እታለም፤ ይህን በደንብ ያዢልኝ። እናቱን መቃወም አይችልም፤ እኔንም መልቀቅ አይፈልግም። ስለዚህ ሌላ ሰማይ ፍለጋ ወጣ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እርጉዝ አግብቶ የቸገረው ደግሞ የፈረንጅና የህንድ ኮከብ ያስቆጥራል።

ፈረንጇ ማዳም ካሊዮፒ ናት፤ ቡና የሚገዛው የግሪኩ ነጋዴ ሚስት። እዚህ አገር ከመኖሯ ብዛት በአማርኛ ስትሳደብ የቢቸና ባለአገር ነው የምትመስለው። ከአገሯ ያመጣችው የኮከብ መጽሐፍ አላት፤ መሐሉ ላይ እንደ ጋሪ እግር የተሸነሸነ ክብ ተሥሎበታል። ህንዱ ሚስተር ናራያን ይባላል፤ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፤ ኮከብ መቁጠርን ከአያቱ ከአባቱ የወረሰ ነው። ወልደዮሐንስ አንድ እሑድ ሁለቱንም በማዳም ሱቅ በረንዳ ላይ አገናኛቸው። እኔንም ሆዴን አስይዞ ወሰደኝ።

ማዳም የጠየቀችን የተወለድንበትን ቀን ብቻ ነው። እኔ ደመራ ሲለኮስ መወለዴን ነገርኳት፤ አንቺ ባትነግሪኝ ኖሮ ይህንም አላውቅም ነበር። እሱ ሐምሌ ገብርኤል ነው። ማዳም ክቡን በጣቷ እየዞረች እኔን ሚዛን እሱን አሰድ አለችን። ነፋስና እሳት ናችሁ፣ ነፋስ ደግሞ እሳትን ያቀጣጥላል እንጂ አያጠፋም፣ ትገጥማላችሁ ብላ መጽሐፏን ዘጋች። ሚስተር ናራያን ራሱን ነቀነቀ፤ የእሱ ራስ ሲነቀነቅ እሺ ይሁን እምቢ ይሁን ለማወቅ ጊዜ ይፈልጋል። እምቢ ኖሯል። በዚያ ቀን ፀሐይ ገና ሰንቡላ ላይ ነበረች እንጂ ሚዛን አልደረሰችም፤ ወልደዮሐንስም ሸርጣን እንጂ አሰድ አይደለም አለ። ደግሞስ ጋብቻ የሚጠየቀው ከጨረቃ ነው፣ ፀሐይን ማን ጠየቃት አለ። ጨረቃ በሰማይ ላይ ሃያ ሰባት ማደሪያ አላት፤ የባልና የሚስት ማደሪያ እየተነጻጸረ ነጥብ ይሰጣል።

እኔ እንደገባኝ የጠባቸው ሥር ይህ ነው። ማዳም መጋቢት ላይ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ዓመቱን ትከፍትና ያንን ቦታ ሐመል ብላ ትጠራዋለች። ህንዱ ደግሞ ቀና ብለሽ እይው፣ በዚያ ቦታ የበጉ ኮከቦች የሉም፤ ከጥንት ጀምሮ ሰማዩ ጥቂት በጥቂት ተንሸራትቷል ይላል። በአጭሩ በጉ ከበረቱ ወጥቷል፤ እሷ በረቱን እያየች ትቆጥራለች፣ እሱ በጉን ተከትሎ ይሄዳል። ማዳም በዚህ ተናደደች። ኮከብ ወደፈለገበት ይሂድ፣ ክረምትና በጋን የምታመጣው ፀሐይ ናት፣ ሰው የሚወለደውም በክረምትና በበጋ ነው አለችው። ሁለቱም እውነት የተናገሩ መሰለኝ፤ ይህም የባሰ አደከመኝ።

ነገሩ ወደ ሆዴ ዞረ። መውለጃዬ ገና አካባቢ ስለሆነ ማዳም ልጁ ጀዲ ነው፣ ቆራጥና ዕድሜው ረጅም ይሆናል አለች። ሚስተር ናራያን ጥምቀት እስኪቃረብ ድረስ ጀዲ የሚባል ነገር የለም፤ ይህ ልጅ ቀውስ ነው አለ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ልጄ ሳይወለድ እንደ ሙት ርስት ሲካፈሉት እሰማ ነበር። በዚያ ሰዓት ይራገጥ ነበር እታለም፤ ቀሚሴ ሲነሣ ማዳም አይታ ሳቀች።

ወልደዮሐንስ ከዚያ ሁሉ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። በምንም የማይስማሙት ሁለት ሰዎች ትገጥማላችሁ በማለት ተስማሙ፤ ህንዱም ከግማሽ በላይ ነጥብ ሰጠን። እኔ ግን የህንዱን ፊት ሳይ ነበር። ከሚጠየቁት ነገሮች የመጨረሻው፣ ስለ ልጅ የሚጠየቀው፣ ላይ ሲደርስ ጮክ ብሎ መቁጠሩን አቆመ። በማግስቱ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ሲስተር፣ ኮከብ ብዙ ያያል፣ ደም ግን አያይም፤ አንተ ሐኪም ጋ ሂድ አለኝ። የአማርኛው ነገር ነው፤ ሴቱን ሁሉ እንደ ወንድ ያናግራል።

በአውቶቡስ ተሳፍረን ሐኪም ቤት ሄድን። የወልደዮሐንስንም የእኔንም ደም ቀዱ። አንድ ነጭ ሐኪም ሲናገር ድሬሰሩ አስተረጎመልን። የእኔ ደም ከእሱ ደም አይስማማም፤ የመጀመሪያው ልጅ ያመልጣል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ደሜ በሆዴ ያለውን ልጅ እንደ ባዕድ እያሳደደ ያጠፋዋል። ከሌላ ሰው ብወልድ ሊያድግልኝ ይችላል፤ እሱም ከሌላ ሴት እንደዚሁ። ይኸውልሽ፣ መሪጌታ ጓንጉል በፊደል ያገኙትን ሐኪሙ በመርፌ አገኘው። እማማ የትምወርቅ ሲሰሙ እልል ማለት ነው የቀራቸው። ሐኪሙ አንድ ነገር ጨምሮ ነበር። አዲስ አበባ ትልቁ ሐኪም ቤት ጊዜው ሳይሞላ ልጁን አውጥተው ደሙን ይለውጡለታል፤ ኅዳር ሳይጋመስ ከሄዳችሁ ምናልባት ይተርፋል አለ። ምናልባት ነው ያለው። እኔ ግን ይተርፋል የሚለውን ብቻ ይዤ ተመለስኩ። ወልደዮሐንስ በአውቶቡስ መስኮት በኩል ዞሮ እንዳላየው እያደረገ ሲያለቅስ መጣ።

ከጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ጠየቀ፤ ተሰጠው። ታዲያ ሁለት ልጅ የቀበረ ሰው እንዲሁ ብድግ ብሎ መንገድ አይጀምርም፤ ቀን ይመርጣል። መሪጌታ ዐቅራብ በኅዳር ወደ ሰሜን አትሂድ አሉ። ማዳም መንገድን የሚጠብቀው ኮከብ ወደ ኋላ እየሄደ ነው፣ ወሩ ይለፍ አለች። ሚስተር ናራያንን ደግሞ ወልደዮሐንስ ለመንገድ የትኛው ቀን ይሻላል ብሎ ብቻ ጠየቀው፤ ለምን መንገድ እንደሆነ አልነገረውም፤ የደማችንን ነገር ለሰው መንገር አፍሮ ነው። እሱም ጨረቃውን ቆጥሮ ታኅሣሥ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ አለ። ፀሐይ የት እንዳለች፣ እኔ ማን እንደሆንኩ፣ ልጄ ማን እንደሆነ እንኳ መስማማት ያቃታቸው ሦስት ሰማዮች ቆይ በማለት ተስማሙ። ሦስት ምስክር ከተገኘ ማን ይከራከራል? ቆየን።

ስንቆይ እማማ የትምወርቅ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ኮከብ የሚቆጠረው በእናት ስም ከሆነ ልጁ እናት ይለውጥ ብለው ለሙሉካ ሸጡት። እኛ አገርም የሾተላይ ልጅ እንደሚሸጥ ታውቂያለሽ፤ ያልተወለደ ሲሸጥ ግን አይቼ አላውቅም። ሙሉካ አንድ ቅርጫት እሸት ቡና በአጥሩ ላይ አቀበለቻቸው። እታገኝ፣ እኔ ኮከብ አላውቅም፣ ጌታ ነው የሚያውቅ፤ ግን ልጅ የኔ ነው ካልክ የኔ ነው አለችኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፤ ሆዴንም በሁለት እጇ አቀፈችው። መሪጌታ በሙሉካ ስም እንደገና ቆጠሩት። ሠውር ወጣለት፤ ሸምግሎ የልጅ ልጅ ያያል አሉ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ፤ የእኔ ነገር እንዲሁ ሆነ።

እታለም፣ ልጁ ከማክሰኞ ጀምሮ አይንቀሳቀስም።

መጀመሪያ ተኝቷል አልኩ። በጎኔ ተኛሁ፣ ስኳር በጥብጬ ጠጣሁ፣ ሆዴን እየደባበስኩ በአባባ ስም ሳይቀር ጠራሁት። ረቡዕ ሙሉካን ጠራኋት። ጆሮዋን ሆዴ ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ቀሚሴን አስተካክላልኝ ወደ ቤቷ ሄደች። ቡና ስትለቅም የማትዘምርበት ቀን አልነበረም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም። እኔም አውቄዋለሁ። ተኝቼ ስገላበጥ ወደ አጋደልኩበት ይወድቃል፤ በሕይወት ያለ ልጅ እንዲህ አይከብድም።

ለወልደዮሐንስ አልነገርኩትም። ትናንት የአውቶቡሱን ቲኬት ይዞ፣ ለሕፃን የሚሆን ብርድ ልብስ ገዝቶ፣ እየሳቀ ገባ። ሰኞ የዓመቱ ምርጥ ቀን ነው ብሎታል ሚስተር ናራያን። ብርድ ልብሱን ዘርግቶ ለስላሳነቱን በጉንጬ ላይ ሞከረው፤ ስም እያወጣ ሲያፈርስ አመሸ። ሐኪም ቤት ደርሰን አልጋ ላይ ስወጣ ማወቁ አይቀርለትም። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው ብያለሁ፤ እስከ ሰኞ ድረስ የልጅ አባት ሆኖ ይቆይ። ለእኔ ክፉው ቀን አልፏል፤ ለእሱ ገና ነው።

ከዚያ በኋላ ምን እንደምሆን አላውቅም። እሱ ሂጂ አይለኝም። እኔ ግን በየዓመቱ ልጅ እያስቀበርኩት አብሬው ስኖር አይታየኝም፤ ከሌላ ሴት ሊወልድ እንደሚችል ደግሞ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በጥምቀት ሰሞን ፀዳለን አዝዬ በርሽ ላይ ብቆም አትገረሚ። ከመጣሁም ለምን መጣሽ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ አደራ፤ አስገቢኝና አስተኚኝ ብቻ።

ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ አንብቢው። ለአባባ እታገኝ ደህና ናት በያቸው፤ ጉልበታቸውን ስመሽ ምርቃታቸውን ላኪልኝ። ጋሽ ደበበን ስለ ሳሉ ማር በዳማከሴ ይሞክር ብላለች በይልኝ። አሰፋችን ሁለት ጉንጯን። ከዚህ ወገን ወልደዮሐንስ እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሻል። እማማ የትምወርቅም ሰላም ብለውሻል። ፀዳለ አክስቴን ሳሚልኝ ብላ ወረቀቱን ራሱን ስማዋለች፤ የተዝረከረከው ቀለም የእሷ አፍ ነው። ሙሉካ ሳታውቅሽ ትወድሻለች። ባለፈው ደብዳቤዬ ከእነዚህ ቀጥሎ በሆዴ ያለውም ሰላም ይልሻል ብዬሽ ነበር። ዛሬ እሱ ሰላም አይልሽም።

ናፋቂሽ እህትሽ
እታገኝ እንግዳ

ዲላ፣ ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት
ኅዳር ፴ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.