የአውሮፕላን ሜዳው ፋኖሶች

ነቀምቴ፣ ሐምሌ ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ውድ ልጄ መገርሳ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። አባትህን ቀበርናቸው። አንተ ሳትደርስ መቀበራቸው ዕረፍት ነሥቶኛል፤ ተቀምጬ እነሣለሁ፣ ብዕር አንሥቼ መልሼ አስቀምጣለሁ።

አዲስ አበባ ለትምህርት ስትሄድ፣ አውሮፕላን ሲመሽበት ሜዳውን የምታበራባቸውን ፋኖሶች መጋዘን ቁልፍ ለእኔ ትተህ፣ «መምህርት፣ እርስዎ ጥላሸት ካዩ ይገርፋሉ፤ ሌላ ሰው አላምንም» ብለህ ስቀህ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። እንዳሳየኸኝ ክሩን በመቀስ እኩል ቆረጥሁ፣ ብርጭቆውን በአመድ አጠብሁ፣ ከሜዳው ጫፍ ቆሜም ሩቁ እንደ ቅርቡ መድመቁን አየሁ።

በቀብሩ ዋዜማ አውሮፕላኑ በዝናብ ዘግይቶ አመሻሽ ላይ እንደሚደርስ፣ አንተም እንደተሳፈርህ በሬዲዮ ተነገረን። ወዲያው አክስትህ ድርቤ ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር መጣች። ለለቅሶ ቤት ፋኖስ ማዋስ የጎረቤት ወግ ነው፤ የአባትህ ድንኳን ደግሞ ጨልሞ ነበር።

«ማሎ፣ አዴ የሺወርቅ! እባክዎ፣ አራቷን ብቻ» ብላ ለመነችኝ።

«አንዲትም አልሰጥ። ከመካከል ከጎደለ አብራሪው ሜዳው ያለቀ ይመስለዋል።»

«ለወንድሜ መብራት ይነፈጋል? ተማሪ ሲገርፉ ኖረው አሁን ደግሞ በሬሳ ጀመሩ?»

«ወንድምሽ መንገዳቸውን አግኝተዋል። መሬት የሚፈልገው ልጃቸው ነው። ይልቅ እነዚህን አንሺ።»

እየሰደበችኝ ተሸከመች፤ እየሰደበችኝ ለኮሰች።

የአውሮፕላኑን ድምፅ ሰማን። ከደመናው በላይ ዞረ፤ እንደገና ዞረ፤ ከዚያ ወደ መጣበት ራቀ። ድርቤ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ፋኖሶቹን ሳናጠፋ አንሥተን ወደ ድንኳኑ ወሰድናቸው። አባትህ ያለ ብርሃን አላደሩም።

የአውሮፕላን ጣቢያው ሹም «ያላረፈው በደመናው ነው» ይላሉ። ድርቤም አሁን እንዲሁ ትላለች፤ አዝናልኝ ነው። እኔ ግን በማስተማር ዘመኔ ከማንም ሰበብ ተቀብዬ አላውቅም፤ ከራሴም አልቀበልም። ከሜዳው ጫፍ በወንዙ በኩል ካሉት ፋኖሶች አንዷን ጭስ ይዟት እንደሆነስ? አብራሪው ያመነታው በእርሷ እንደሆነስ?

አንተ በአውሮፕላኑ መስኮት በኩል ነበርህ። መንገዱ ደርቆ ስትመጣ አብረን እናለቅሳለን፤ እስከዚያ መቆየት ግን አልቻልሁም። ሳታዝንልኝ ጻፍልኝ፤ ሜዳው ታይቶህ ነበር? የደከመችው የትኛዋ ነበረች?

እስክትመጣ ቁልፉ ከአንገቴ አይወርድም።

መምህርትህ የሺወርቅ