የማይጠበኝ ሱሪ

ይድረስ ለምትናፍቂኝ ለታላቅ እህቴ። እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃውን እሺ ይላል ወይስ አሁንም ያስለምንሻል? የባልሽ ሳልስ ተወው? እኔ፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ብቸኝነቱም ለምዶኝ አብሮኝ ጸሎት ያደርሳል።

ወንድማችን ልቡ ድንገት ቀጥ ብሎ ከሄደብን ወዲህ ተመርመር እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ ነበርና፣ ይኸው ተመረመርኩልሽ። ሐኪሟ ስኳሬ ከፍ ማለቱን፣ ገና በሽታ ግን አለመሆኑን ነገረችኝ። እኔ «ገና» የምትለዋን ይዤ ደስ አለኝ። ኮሌስትሮል ስለሚሉት የደም ቅባት ያለችኝን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው ለቀቅሁት፤ ያዘዘችልኝን ኪኒንም አልፈልግም አልኳት። ወፍረው ይሆን ብትለኝ፣ ይህን ሱሪ የሰፋሁት ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ነው፣ አንድ ቀን ጠቦኝ አያውቅም ብዬ ኮራሁባት።

ቤት ገብቼ ልተኩሰው ስገለብጠው ምን ባይ ጥሩ ነው? ወገቡ ላይ የድሮው ስፌት ምልክት፣ ከእሱ ወጣ ብሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፤ ከኋላ ደግሞ ትርፉ ጨርቅ ሲያልቅብኝ የቀጠልኩት የመጋረጃ ቁራጭ። ሌላው ሰው ሲወፍር ሱሪው ይጠበዋል፤ ልብስ ሰፊ ግን ቆንጠጥ ሲያደርገው ሳያስበው ተርትሮ ይለቀዋል። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ እንባው እስኪፈስ ስቆ፣ «አንተ ሰውዬ፣ መስኮቱን ራቁቱን አስቀረኸው እኮ» አለኝ።

በማግስቱ ሱሪውን በፌስታል ይዤ ሐኪሟ ዘንድ ተመለስኩ። አይታ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን፣ «አባባ፣ ስኳሩ ገና በር ላይ ነው፤ ቅባቱ ግን ገብቶ ተቀምጧል። ልብዎ ስኳሩ እስኪገባ አይጠብቅም» አለችኝ። ወንድማችንም «ገና ነው» ይል ነበር እኮ፣ እትዬ።

ሲመሽ ተንበርክኬ ጌታዬ ጤና ስጠኝ ልል ስል አፈርኩ። እሱ እንድነቃ ሱሪዬን ሲያጠብብኝ እኔ ስተረትር ኖሬያለሁ።

ኪኒኑን ጀምሬአለሁ፤ ስኳርና ቅባትም ቀንሻለሁ፤ ክር ልገዛ ስሄድም በእግሬ ነው። ሱሪውን በመጀመሪያው ስፌት መልሼ ትርፉን ጨርቅ በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት። አሁን ቁልፉ አይደርስም፤ እስኪደርስ ድረስ በዚህ ፀሐይ ካፖርት ደርቤ ጸሎት ቤት እሄዳለሁ።

ትልቋን ልጅሽን፣ ያንን ለፍላፊ ወንድሟንም አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ለባልሽም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ባለፈው ስትመጡ የእሱንም ሱሪ ወገብ ሳልነግረው ለቀቅ ያደረግሁለት እኔ ነኝና፣ እሱም ይመርመር።

ታናሽ ወንድምሽ
ከስፌት ቤቴ፣ ከልብስ መስፊያ መኪናዬ አጠገብ
ግንቦት አሥራ አንድ ቀን