ሽማግሌ ያልበቃበት ገና

ታኅሣሥ 12፣ ጠዋት

ሱቅ ተከፈተ። ሁለት ሰው ቆርቆሮ ዳሰሰ፣ አንዱ የምስማር ዋጋ ጠየቀ፣ የገዛ የለም። ሻይ ጎረቤት ጠጣሁ። ቤቴ ውስጥ ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። ቤቱ የእኔ ነው፤ ስኳሩ ግን የሚስቴ የዳምነች ነው ማለት ነው።

አንተ አዲስ ደብተር ነህ፤ ያለፈውን አታውቅም። ባጭሩ ይኸውልህ። ለገና የማደልበው ቀይ በሬ ነበረኝ። ስኳር ድንች ከነቅጠሉ፣ እንሰት፣ ጨው፤ እኔ ከምበላው የተሻለ ይበላ ነበር። ዕቃ ላመጣ አዲስ አበባ ሄድኩ። ስመለስ ግርግሙ ባዶ ነው።

የሆነው ይህ ነው። የሚስቴ ታናሽ ወንድም ታደለ፣ ዲምቱ ላይ በማሳ ድንበር ተጣልቶ የጎረቤቱን ክንድ በዱላ ሰበረ። የሰውየው ልጆች ታደለን ካልመታን ብለው መንገድ ላይ መጠበቅ ጀመሩ። የአገር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። በዳይ በሬ ያቅርብ፣ ይታረድ፣ ሁለቱ ወገን ከአንድ ሥጋ በልቶ ይታረቅ አሉ። ታደለ በሬ ቀርቶ ጥሩ ዶሮ የለውም። ዳምነች የእኔን በሬ ፈትታ ላከችለት። ሳትጠይቀኝ! ስልክ ቤት ሄዳ ብትደውል ምን ነበር? የት ብላ እንደምትደውልልኝ ግን አላውቅም። ይህን ለአንተ ብቻ ነው የምለው።

እኔ አልጮህኩም። እኔ አልጮህም። በእርጋታ፣ ታደለና በሬው እኩል ገበያ ቢወጡ ሰው በሬውን ነው የሚገዛው አልኳት። ሐሰት የለበትም። ታደለን ማን ይገዛል? ዳምነች ነጠላዋን አነሳች፣ ልጃችንን አስቴርን ይዛ ዲምቱ አባቷ ቤት ገባች።

ታኅሣሥ 14

ሚስት አባቷ ቤት ስትገባ ባል ሽማግሌ ይልካል። ራሱ አይሄድም። ራሱ የሄደ ባል ዋጋው ወደቀ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በቤቱ ቃሉ አይሰማም። ይህ የአገር ወግ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም፣ ግን ይስማማኛል። ዲምቱ ቆላ ነው፣ መንገዱ አቧራ ነው።

አቶ ላምቤቦን ላክሁ። ጎረቤቴ ነው፣ ጡረታ የወጣ የጽ/ቤት ሰው፣ ስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣ። ሁለት ነገር ነገርኩት፦ አጠፋሁ ትበል፤ ከገና በፊት ትመለስ። ግልጽ ነው አለ። አዲሱን ኮቱን ለብሶ ሄደ።

ታኅሣሥ 16

አቶ ላምቤቦ ተመለሰ። ፊቱ ወዝቷል። ምን አለች አልኩት።

ስለ ሙቹዋው ይነግረኝ ጀመር። እንሰቱ በቅቤ የራሰ፣ በዳጣ የታጀበ፣ ጣት የሚያስቆረጥም። ዳምነች ራሷ ነች ያቀረበችው።

«እሱን ተወው፤ መልሷ ምንድን ነው?»

«ወንድሜ፣ እንዴት ብዬ ላንሳው? ሰው እያበላህ ጥፋተኛ ነሽ ይባላል?»

ጭራሽ አላነሳውም። ይባስ ብሎ፣ አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ የምታበላ ሴት በአንድ በሬ ታስቀይማለህ? ብሎ ይመክረኛል። የመልስ መኪና ሒሳቡን ሰጠሁት። ሽማግሌ ላኩ ሲሉን ጥጋበኛ ሽማግሌ ማለታቸው ነው?

ታኅሣሥ 18

እራት፦ ዳቦ። ምሳም ዳቦ ነበር።

አቶ ጦና ሱቅ መጣ። የቤ/ክ ሽማግሌ ነው፤ ቀጭን፣ ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን። እሱ ያው የጸሎት ሰው ነው፤ ሙቹዋ አይደልለውም ብዬ ልልከው አስቤ ነበር። እሱ ግን ለራሱ ጉዳይ ነው የመጣው። ወንጌላዊው ገጠር ተልኳል፤ ለገና ዋዜማ ፕሮግራም አጭር ቃል የሚያካፍል ሰው የለም። ኮሚቴው እኔን መርጧል። ለምን እኔን? አልኩ።

«አንተ አታረዝምም» አለ። ሌላ ምክንያት የለም።

ርዕሱ፦ እግዚአብሔር ሰውን ለማዳን ስለ ምን ራሱ መጣ። እሺ አልኩ። በምላሹ ዲምቱ እንዲሄድልኝ ጠየቅኩ። እሺ አለ። ጥሩ ንግድ።

ታኅሣሥ 21

ጦና ተመለሰ። ጸለይን አለ። ዘመርን አለ። ዳምነች አልቅሳለች፣ እሱም አልቅሷል። አጠፋሁ አለች ወይ ስለው፣ ሁላችንም አጥፍተናል አለች፣ ድንቅ ቃል ነው አለኝ። ይህ መልስ ነው? ሁላችንም ከተባለ እኔም አለሁበት።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆመ፣ ዓይኑን ጨፈነ። አንድ ነገር አድርስልኝ ብላለች አለ። «በሬው ለወንድሜ ከበዛበት፣ ለእኔስ ምን ያህል ይበዛብኝ ይሆን? እሱን ይንገረኝ።»

ደብተሬ፣ በንግድ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ዝም ማለት ነው ደንቡ። ዝም አልኩ። ግን ገዢ በገባ ቁጥር ጥያቄው ተከትሎት ይገባል። የሦስት ኢንች ምስማር ለሚፈልግ ሰው የሁለት ሰጠሁ። መልሶ አመጣው። በእኔ ሱቅ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ታኅሣሥ 22

ወንዶቹ ሥራውን አያውቁትም። እኅቴን አልማዝን ላክሁ። አልማዝ ምላሷ ስለታም ነው፤ ደግሞ የእኔ ወገን ናት። ለበሬው ሳር ስታጭድ የከረመች እሷ ናት፤ ከእኔ በላይ ተናዳለች። ይዛት ትመጣለች።

ታኅሣሥ 24

ከዲምቱ በመጣ መኪና መልእክት ደረሰኝ። አልማዝ ገናን እዚያው ትውላለች። አየሩ ተስማምቷታል። ሌላ ቀሚስ እንድልክላት ትጠይቃለች።

የላክሁት ሁሉ ወይ ጠግቦ ይመለሳል፣ ወይ አልቅሶ ይመለሳል፣ ወይ አይመለስም።

ታኅሣሥ 25

ከሰዓት በኋላ ገበያ የለም። የጎን ሱቅ ሸምሱ ጋ ተቀመጥኩ። ስልጤ ነው፤ ጨርቅና ሳሙና በጅምላ ይሸጣል። የኢድ ዕለት እኔ እሱ ዘንድ፣ የገና ዕለት እሱ እኔ ዘንድ እንበላለን። ዘንድሮ የት ነው የምንበላው? ብሎ አሾፈብኝ። 

ለፕሮግራሙ ያዘጋጀሁትን ላሰማህ አልኩት። ሸምሱ ጥሩ አዳማጭ ነው፤ ሳያምንህም ያዳምጥሃል። እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ ሰው ከእግዚአብሔር ቤት ወጥቶ ሄደ፤ እግዚአብሔር ተመለስ ብሎ ነቢያትን ላከ፤ አንዱ መጣ፣ ሌላው መጣ፣ አልሆነም፤ በመጨረሻ መልእክተኛ መላኩን ትቶ ራሱ ወረደ፣ ሰው ሆኖ ተወለደ፣ ገና ይህ ነው።

ሸምሱ ሳሙና መደርደሩን አቆመ።

«በእኛ በኩል ነቢያቱ ይበቃሉ» አለ። «እናንተ ግን ራሱ መጣ ነው የምትሉት።»

«አዎ።»

«የበደለው ሰው ነው፤ የመጣው የተበደለው ነው።»

«አዎ፤ ነጥቡ እሱ ነው።»

«አምላክህ ራሱ መጣ። አንተ ላምቤቦን ላክህ?»

ሳሙና ሊገዛ የቆመ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ነጋዴ ሲሳቅበት አብሮ ይስቃል። ሱቄ ስገባ ግን አልሳቅኩም። ሸምሱ አጥሩን አሻግሮ፦ ሐቢቢ፣ ቆርቆሮውን እኔ እጠብቅልሃለሁ! እያለ ይጮኻል። ይጩኽ።

ታኅሣሥ 26

ምንም ቢሆን አልሄድም። ወግ ወግ ነው። እግዚአብሔር አማት የለውም።

ታኅሣሥ 27፣ ጠዋት

የቀይ በሬ ገበያ ጥሩ ነው አሉ። አላዝንም። እያሰብኩ ነው።

ዕቃ ለብቻው ዋጋ የለውም፤ ይህን ማንም ነጋዴ ያውቃል። አንድ ቆርቆሮ ምን ያወጣል? ሰው የከፈለበትን ያወጣል። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ውድ ነው ርካሽ ነው ብል ወሬ ነው፤ የከፈለ ሰው ሲመጣ ወሬው ያልቃል። እንግዲህ ታደለ ምን ያወጣል? እስከ ኅዳር ድረስ ምንም። አሁን ግን ለእሱ አንድ የደለበ ቀይ በሬ ተከፍሏል። ስለዚህ ታደለ አንድ ቀይ በሬ ያወጣል። እኔ ከፋዩ ነኝ፤ ሳልጠየቅ ቢሆንም። የከፈልኩበትን ዕቃ የማረክሰው እኔው ራሴ ከሆንኩ ምን ዓይነት ነጋዴ ነኝ?

ወደ ላይኛውም ሄድኩበት። እግዚአብሔር ልጁን ከፈለ፤ ለማን? ለላምቤቦ። ለጦና። ለእኔ። ገበያ ላይ ቢያወጣን ማንም አይነካንም። ከፍሎ ነው ያስወደደን። ይህ ለዋዜማው ይሆናል። ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት፣ ጻፍኩት።

ዳምነች የጠየቀችው ጥያቄ መልሱ እዚሁ አካባቢ ነው። ይህን በላምቤቦ አፍ ልላከው? ሙቹዋ ሲያይ ይረሳዋል።

ታኅሣሥ 28፣ ከሰዓት በኋላ፣ መኪና ተራ ውስጥ

መኪናው ስለሚነቀንቀኝ ጽሑፉ ከፋ። መኪናው ሞተሩን አስነስቷል ግን ሰው አልሞላም።

ፕሮግራሙ ከምሳ በኋላ ነበር። ቤ/ክ ሞልቷል። መዘምራን አዲስ ጋዋን ለብሰዋል። ተጠራሁ፣ ወጣሁ። ጀመርኩ፦ ሰው ከቤት ወጣ፣ እግዚአብሔር ሽማግሌ ላከ። ነቢያት ማለቴ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሽማግሌ ነው። የፊት ወንበር ላይ አቶ ላምቤቦ በአዲስ ኮቱ ተቀምጧል። ከጎኑ አቶ ጦና ዓይኑን ጨፍኖ «አሜን» ይላል። ሁለቱን አየሁ። ምዕመኑም ሁለቱን አየ። ሶዶ ትንሽ ከተማ ነች፤ የእኔን ጉዳይ የማያውቅ የለም። ከኋላ ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

ቀጠልኩ፦ የተላኩት ሁሉ ተላኩ፣ አልሆነም፤ ስለዚህ ራሱ ተነሥቶ ሄደ። እዚህ ላይ ቆምኩ። የሚቀጥለው ቃል ጠፋኝ። ወረቀቱ ላይ አለ፤ አያለሁ፤ ማንበብ ግን አቃተኝ። የዲምቱ የመጨረሻ መኪና የሚወጣበት ሰዓት መሆኑን አሰብኩ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ መኪና ያመልጠኛል» አልኩና ወረድኩ።

አቶ ጦና እስከ ደጃፉ ተከትሎኝ፣ እንዲህ ያለ አጭር ስብከት በዕድሜዬ አልሰማሁም፣ ጌታ ይባርክህ አለኝ። ሲያለቅስ ነበር። እሱ ሁሌም ያለቅሳል።

መኪናው ሞላ።

ታኅሣሥ 29፣ ገና፣ ዲምቱ፣ ጠዋት

አቧራው እስከ ጥርሴ ገብቷል። ባጭሩ ልጻፍ፤ እየጠሩኝ ነው።

ትናንት ሳይጨልም ደረስኩ። አማቴ ደጃፍ ላይ ነበሩ። ዞር ብለው ከኋላዬ ፈለጉ።

«ሽማግሌህ የታል?»

«የለኝም፣ አባባ። ብቻዬን ነኝ።»

ብቻውን የመጣ አማች አይተው አያውቁም። የት እንደሚያስቀምጡኝ ጨነቃቸው። ወንበሩ የሽማግሌ ነው፣ መደቡ የቤተሰብ ነው። በመጨረሻ በረቱ በኩል፣ ጥጆቹ አጠገብ በርጩማ አኖሩልኝ። አንደኛዋ ጥጃ ኮቴን ትልስ ጀመር። እኅቴ አልማዝ አየችኝ፣ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ጓሮ ሮጠች። እኔ ግን ቦታውን አልጠላሁትም። ዛሬማ በዚህ ቦታ የሚያፍር ሰው ገናን አልተረዳም።

ዳምነች መጣች። ፊት ለፊቴ ቆመች።

«የአስቴር አባት፣ ምን ልትል መጣህ?»

በመንገድ ሁለቱን ነገር አዘጋጅቼ ነበር፦ አጠፋሁ በይ፣ ተመለሽ። አላነሳኋቸውም። ታደለ በሬውን ያወጣል አልኳት። አንቺ ስንት እንደምታወጪ ግን አላውቅም፤ የምከፍለው ገንዘብ ስላጣሁ ራሴን አመጣሁ አልኩ። እንደ ነጋዴ ነው የተናገርኩት፤ ሌላ ቋንቋ አልችልም።  ከዚያ ኮቴን ከጥጃዋ አፍ ነጠቀችና፣ ይህን ለማለት ነው ይህን ሁሉ አቧራ የቃምከው? ብላ ለእግሬ ውሃ አመጣች። ከነገ ወዲያ እንመለሳለን። አጠፋሁ አላለችም። እኔም አልጠየቅኩም።

አሁን ያለው ችግር ታደለ ነው። ትናንት ከመኪናው ስወርድ አይቶኝ ሸሸ። ከጓሮ ያለው የሙዝ ተክል ውስጥ ነው ያደረው። በሬውን ሊጠይቀኝ ነው የመጣው ይላል። የበዓሉ ምግብ ቀርቧል፤ ዳምነች ወንድሜ ሳይበላ አልቀምስም አለች፤ እሷ ካልቀመሰች ማን ይቀምሳል? አልማዝ ሄዳ ጠራችው፣ አልወጣም። አማቴ ሄደው ተቆጡት፣ ጭራሽ ወደ ውስጥ ገባ። አሁን ከዚያ ሆኖ ይጮኻል፤ እኔም ከዚህ ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ጮህኩለት። አላመነም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር። የሙዙ ማሳ የመስኖ ውሃ ጠጥቷል፣ ጭቃው እስከ ጉልበት ነው አሉኝ። ያለኝ ጫማ ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ አውልቄ እዚያው ድረስ ገብቼ አጠገቡ ሆኜ እነግረዋለሁ።