ለቅሶ ቤት የተሞላው ቃለ ጉባኤ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ጠዋት 3፡00

ባጃጅ አጥቼ በእግሬ ገባሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ደብዳቤ። የሌሞው ወተት ማኅበርና የአንጋጫው ለመዋሃድ ያቀረቡት ጥያቄ ክልል ደርሷል። ሁለት ዞን ስለሆኑ የሚያጸድቀው ክልል ነው። ግን መጀመሪያ ተቆጣጣሪ ይልካሉ፤ የፈረሙትን አባላት አንድ በአንድ የሚያነጋግር። የሚመጣው የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ፣ ኅዳር 16።

ደብተሬ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ። በሌሞው ጉባኤ የኅብረት ሥራ ጽ/ቤታችን ታዛቢ እኔ ነበርኩ። ሰው አልሞላም። ውህደት ደግሞ ያለ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አይሆንም። ሰፈሩ በሙሉ ቀብር ላይ፤ ከአባላቱ አንዷ የሆኑት የወ/ሮ አመነች ባለቤት ሞተው። ሊቀ መንበሩ አቶ ላምቤቦ የፊርማውን ወረቀት ይዘው ወጡ፣ ከሰዓት በኋላ ሞልተው መለሱት። ከላይ እስከ ታች የጣት አሻራ። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ የጽ/ቤቱ መኪና ጥሎኝ ሊሄድ ነው። «በፊቴ ተፈርሟል» ብዬ ፈረምኩ። ማኅተምም መታሁበት።

 ዛሬ ምሳ የሚበላልኝ አይመስለኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ቀን 6፡20

ኃላፊው አስጠራኝ።  ፋይሉ ይሟላ አለ፣ ሌላ ምንም። ያውቅ ይሆን? የሐሰት ሰነድ ስንት ዓመት ያስፈርዳል? ስልኬ ላይ መፈለግ ጀመርኩና ዘጋሁት። ብታሰር ልጄ ማርታ ማን ጋ ትሆናለች? ገና ሰባት ዓመቷ ነው፣ አባቷ ሻሸመኔ።

አቶ ላምቤቦ ደወሉ። ድምፃቸው የተረጋጋ። አባላቱን አናግሬያለሁ፣ ስብሰባው ላይ ነበርን ይላሉ፣ አንቺ ብቻ አትደናገጪ አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ማቀዝቀዣ ያለው አንጋጫ ነው፤ ጾም በገባ ቁጥር ገዢ ያጣ ወተት ሲደፋ ያያሉ። እሳቸው ለማኅበሩ ብለው ነው። እኔ ለመኪና።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ 11፡30

ሌሞ ደርሼ መጣሁ፣ በጋሪ። ወ/ሮ አመነች ቤት። ጥቁር እንደለበሱ ናቸው። ስለ ወረቀቱ ጠየቅኳቸው። ድንኳን ውስጥ እየዞረ ሲፈረም ነበር፣ የእድር መስሎን ነው አሉ። ቀብር የቀረ በእድር ይቀጣል፤ ስለዚህ ሁሉም ጣቱን ሰጠ። እሳቸው ደግሞ የእድሩን ድንኳንና ዕቃ የተረከቡበት መስሏቸው።

ስለ ውህደቱ አልሰሙም። ወተታቸው አንጋጫ እንደሚሄድ ከእኔ ሰሙ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ፍርሃቴ ፊቴ ላይ ሳይነበብ አልቀረም፣ ክንዴን ያዙኝ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ከጠየቁኝ ስብሰባው ላይ ነበርኩ እላለሁ።»

እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ አለኝ። አመሰገንኩ። ያቀረቡልኝን ወተት ጠጣሁ።

የገባኝ ጋሪው ላይ ነው። ባላቸው አፈር በለበሱበት ሰዓት የወተት ስብሰባ ላይ ነበርኩ ሊሉ ነው። ለማያውቁት ሰው፣ ጎረቤት እየሰማ። እኔን ለማዳን። ሌሞ ውስጥ ይህን ማን ይረሳላቸዋል? አፈርኩ። ግን ፍርሃቱም አልለቀቀኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ 10፡00

ሁሉም ወጥቷል። ፋይሉን አወረድኩ። የአሻራውን ገጽ ብገነጥለው? ጠፋ ብል? ቦታው መለስኩት። ለመስረቅም ፈሪ ነኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፣ ጠዋት 2፡10

ደብዳቤውን ቤት ጻፍኩት። አንድ ገጽ። ጉባኤው አልሞላም፤ አሻራው ለቅሶ ቤት ነው የተሰበሰበው፤ በፊቴ አልተፈረመም፤ ያልሆነውን ሆኗል ብዬ ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ፤ አባላቱ ተነግሯቸው እንደገና ድምፅ ይስጡ። እህቴ ጋ ደወልኩ፤ ዛሬ ካልመጣሁ ማርታን ውሰጂልኝ። ምን ሆነሽ ነው አለች። ማታ እነግርሻለሁ አልኩ። ምናልባት።

3፡15

መዝገብ ቤት ሰጠሁ። ልጅቷ ሳታነብ «ገቢ» መታችበት፣ ቁጥር ሰጠችው። አንዱን ኮፒ ይዣለሁ።  አቶ ላምቤቦ ሦስቴ ደውለዋል፤ አሁን ደግሞ ኃላፊው እየጠራኝ ነው። ለእሱ ከየት ጀምሬ እንደምናገር አላውቅም ነበር፣ አሁን አወቅሁ፤ ከዚህ፦ ወ/ሮ አመነች ያን ቀን ባለቤታቸውን እየቀበሩ ነበር።